ሲስብ ሳይሆን ሲለቅ እዪው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምስት ዓመት የሆናት ዳማ ባዝራ አለችኝ። ከገዛኋት ስምንት ወር ሆኗታል። ስትመጣ ልጓም በደንብ ትቀበል ነበር፤ ችግሯ ስትሄድ መቸኮሏ ብቻ ነው። አንድ አሰልጣኝ «በሁለት ሳምንት በግ አድርጌ እመልስልሻለሁ» ሲለኝ አምኜ ሰጠሁት። ስትመለስ እውነትም ጭጭ ብላ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሌላ ፈረስ ሆነች። ልጓም ይዤ ስቀርብ አንገቷን ሽቅብ ትሰቅላለች። እርካብ ስረግጥ ገና ሳልቀመጥ ጥላኝ ትሄዳለች። ባለፈው ወር ወድቄ ክንዴ ተጎዳ። አሁን ሁለት አሰልጣኞች ጠቁመውኛል። አንደኛው ግድግዳው በሜዳሊያ የተሞላ ነው። ሁለተኛዋ ብዙ ሰው የማያውቃት ዝምተኛ ሴት ናት። ዳግመኛ መሳሳት አልፈልግም፤ ባዝራዬን መሸጥም አልፈልግም። ጥሩ አሰልጣኝን በምን ልለየው?
ባለ ዳማዋ

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ተረፍሽ። ከ400 እስከ 600 ኪሎ ከሚመዝን እንስሳ ላይ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። ክንድሽ በደንብ ሳይድን እርካብ እንዳትረግጪ አደራ።

የጠየቅሽኝ ስለ አሰልጣኝ ነው። እኔ ግን ከአሰልጣኙ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጥሪ እላለሁ። አንገቷን የምትሰቅለው ልጓም ስታይ ነው ብለሻል። ጥላሽ የምትሄደው እርካብ ስትረግጪ ነው። አንደኛው አፏን፣ ሌላው ጀርባዋን ይጠቁመኛል። የሚያመውን ፈረስ ማንም ቢይዘው አይገራም።

የአፏን ነገር ላስረዳሽ። ፈረስ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ 24 የወተት ጥርሶች ጥሎ በቋሚ ይተካል። ባዝራሽ ከዚህ ሁሉ የወጣችው ገና በቅርቡ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ ፈረሶች ከመንጋጋ ጥርሳቸው ፊት አንዲት ትንሽ፣ ለማኘክ የማትጠቅም ጥርስ ታበቅልባቸዋለች። የልጓሙ ብረት የሚያርፈው እዚያው አጠገብ ነው። የመንጋጋ ጥርሶቹም ቢሆኑ ዕድሜ ልካቸውን እየተፋጩ ይኖራሉ፤ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ይሾልና ጉንጭ ያቆስላል። ይህን ሐኪሙ አፏን ከፍቶ፣ መብራት ይዞ ማየት አለበት። ሳይታይ የባሰ ልጓም መቀየር በደንባራ በቅሎ ቃጭል መጨመር ነው።

ጀርባዋን ራስሽ መነሻውን ማየት ትችያለሽ። ኮርቻውን አውርጂ። ከጫንቃዋ ጀምረሽ እስከ ወገቧ ድረስ በጣቶችሽ ጫን እያልሽ ሂጂ። ጀርባዋን ወደ ታች ካሰመጠች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ከጣለች ወይም ዞር ብላ ልትናከስ ከሞከረች ኮርቻው እየጎዳት ሊሆን ይችላል። ጫንቃዋ ላይ አዲስ ነጭ ጸጉር በቅሎ እንደሆነም እዪ። ኮርቻ ለረጅም ጊዜ የተጫነው ቦታ ላይ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል።

ጨጓራም አለ። የፈረስ ጨጓራ ቢበላም ባይበላም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ያለ ሣር ወይም ያለ ድርቆሽ የቆመ ፈረስ ጨጓራው ሊቆስል ይችላል። የሆዷን ጠፍር ስታጠብቂ ትቆጣለች? ትናከሳለች? ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው።

አሁን ወደ አሰልጣኙ እንምጣ። የመጀመሪያው መፈተኛም ከዚሁ ይወጣል። ሁለቱም ጋ ደውዪና ችግርሽን ልክ ለእኔ እንደነገርሽኝ ንገሪያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ጥሩ አሰልጣኝ መልሶ ይጠይቅሻል። ጥርሷ ታይቷል? ኮርቻው የማን ነው? ሰኮናዋን የሚያስተካክለው ሰው መቼ መጣ? ምን ትበላለች? ከፈረስ ጋር ትውላለች ወይስ ብቻዋን? ሌላው ግን «ንቃሻለች፤ አለቃዋ ማን እንደሆነ ማሳየት አለብሽ» ይልሻል። ባዝራዋን ሳያያት ይህን ካለሽ በትህትና አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ።

የሁለት ሳምንቱ ቃልም ከጅምሩ ሊያስጠረጥርሽ ይገባ ነበር። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። አንድን ወጣት ፈረስ ኮርቻ አስለምዶ፣ በእርጋታ እንዲሄድና እንዲቆም ለማድረግ አሰልጣኞች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ቀን ይጠይቃሉ። ያውም ለመነሻ ያህል። የተበላሸን ማስተካከል ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። «በግ» ሆና መመለሷ ራሱ ያሳስበኛል። ፈረስ ማምለጥ እንደማይችል ካወቀ፣ ምንም ቢያደርግ ጫናው እንደማይቀር ካየ፣ በቃ ይተዋል። ይደነዝዛል። ዝም ማለትና መረጋጋት ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የተረጋጋ ፈረስ ጆሮው ይንቀሳቀሳል፤ ወደ አንቺ፣ ወደ ድምፁ፣ ወደ ጓደኞቹ ይዞራል። ዓይኑ ለስላሳ ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በረጅሙ ይተነፍሳል። የደነዘዘው ጆሮው አንድ ቦታ ቀጥ ይላል፤ ከአፍንጫው በላይ ያለው ቆዳ ይሸበሸባል፤ ብትነኪውም ያለሽ አይመስለውም። ቤቷ ስትመለስ፣ ጫናው ሲቀርላት፣ ባዝራሽ ነቃች። ያየሽው ለውጥ ይህ ይመስለኛል።

እኔም በወጣትነቴ እንዳንቺው ተሳስቻለሁ። አንድ አምባላይ ፈረስ ነበረኝ። ዝናው የገነነ ሰው ጋ ወሰድኩት። አንድ ቀን አጥሩን ተደግፌ ሳይ ሰውየው ዛቡን፣ የልጓሙን መሳቢያ ጠፍር፣ በሁለት እጁ ስቦ የፈረሴን አገጭ ደረቱ ላይ ሊያጣብቀው ምንም አልቀረው። ፈረሱ ወደ ኋላ ሄደ፤ አልለቀቀውም። ቆመ፤ አልለቀቀውም። አንገቱን አጥፎ እሺ አለ፤ አሁንም አልለቀቀውም። ምን እያየሁ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ደስ እንዳላለኝ ግን ሆዴ ያውቀው ነበር። ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አምባላዬ ሲመለስ የከንፈሩ ጥግ ተሰንጥቆ ነበር፤ ልጓም ሲያይም ልክ እንደ ባዝራሽ አንገቱን ይሰቅል ጀመር።

የታደገን አንድ ድምፁ የማይሰማ ጎልማሳ ነው። የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ልጓሙን አጥሩ ላይ አንጠለጠለው። ከፈረሱ ግራ ትከሻ አጠገብ ቆመና ቀኝ እጁን ከጆሮዎቹ ኋላ፣ ጋማው ከሚጀምርበት ላይ አሳረፈ። የተኛ ሕፃን እንደሚነካ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ፈረሱ አንገቱን ሽቅብ መዘዘው። እጁም አብሮ ወጣ፤ አልጫነውም፣ አልተለየውምም። ፈረሱ ወደ ጎን ተራመደ። ሰውየውም አብሮ ተራመደ። ደቂቃዎች አለፉ። ከዚያ የፈረሱ አንገት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ዝቅ አለ። እኔ ልብ እንኳን አላልኩም። የሰውየው እጅ ግን በዚያው ቅጽበት ተነሳ። ክንዱ ወደ ጎኑ ወረደ። ፈረሱ ከንፈሩን ላሰ። ሰውየው ትንሽ ጠበቀና እጁን መለሰ። ሁለተኛው ዝቅታ እንደ መጀመሪያው ብዙ አልቆየም። 40 ደቂቃ ያህል ይህንኑ ሲያደርጉ ቆዩ። የዚያን ቀን ልጓሙ ከአጥሩ ላይ አልወረደም። በአምስተኛው ቀን ግን አምባላዬ ራሱን ዝቅ አድርጎ አፉን ወደ ብረቱ አመጣ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ዛብ ሲሳብ፣ እግር ሲጫን፣ እጅ ሲያርፍ፣ ለፈረስ ጥያቄ ነው። መልሱን ማግኘቱን የሚያውቀው ሲለቀቅ ነው። ትክክለኛውን ነገር ባደረገበት ቅጽበት ካልተለቀቀ ምን እንደተፈለገበት በምን ያውቃል? ሁለት ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ቢለቀቅ እንኳን፣ በዚያች ሰዓት ያደረገውን ሌላ ነገር ነው የሚማረው። ሲታገል ከተለቀቀ መታገልን ይማራል። ጭራሽ ካልተለቀቀ እንደ አምባላዬ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን አሰልጣኞች ስታዪ እጃቸው ሲስብ አትዪ። ሲለቅ እዪ። መቼ ለቀቀ? ፈረሱ ምን ሲያደርግ ለቀቀ? ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን አትርሺ።

ስለ ሜዳሊያው ልንገርሽ። ሜዳሊያ ክፉ ነገር አይደለም። ሰውየው በደንብ መጋለብ እንደሚችልና ሥራ እንደሚወድ ይነግርሻል። ግን በተገራ ፈረስ ላይ ተወዳድሮ ማሸነፍ አንድ ሙያ ነው፤ የፈራን ፈረስ ማከም ሌላ ሙያ ነው፤ ለባለቤቱ ማስተማር ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱም ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙ አይደሉም። አንቺ የሚያስፈልጉሽ ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። እንደ ባዝራሽ ያለ ችግር የነበረበት ፈረስ አስተካክሎ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂው። ካለ የፈረሱን ባለቤት አገናኘኝ በዪው። ባለቤቱንም «አሁንስ እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከአሰልጣኙ ቤት ከወጣ ስድስት ወር ያለፈው ፈረስ እንዴት እንደሆነ ነው ማወቅ ያለብሽ። በወጣበት ሳምንትማ ያንቺዋም ደህና ነበረች።

ስትሄጂ ቀድመሽ ድረሺ፤ ኮርቻ ከመጫኑ በፊት። ብዙ ነገር የሚታየው ያኔ ነው። ፈረስ ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ወደ 350 ዲግሪ ያህል ያያል። የማያየው ልክ ከግንባሩ ፊት ያለችውን ጥቂት ቦታና ከጭራው ኋላ ያለውን ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከትከሻው በኩል ይቀርባል፤ ኋላውን ሲያልፍ በድምፁ ወይም በእጁ ያሳውቀዋል። ሰውየው በጋጣዎቹ ፊት ሲያልፍ ፈረሶቹን እያቸው። አንገታቸውን አውጥተው ይመለከቱታል ወይስ ወደ ጥጉ ይሸሻሉ? የከንፈራቸውን ጥግ እዪ። ተረከዝ የሚያርፍበት ጎናቸው ላይ የተላጠ ወይም የቆሰለ ቦታ አለ? አፍንጫቸው ላይ የሚታሰረው ጠፍር ሥር፣ በአጥንቱ በኩል፣ ሁለት ጣት መግባት አለበት። አፍ እንዳይከፈት ጥርቅም አድርጎ የሚያስር ሰው የፈረሱን ቅሬታ እያፈነ ነው።

ከዚያ ፈረሱ እስኪሳሳት ጠብቂ። መሳሳቱ አይቀርም። ይደነብራል፣ አልሄድም ይላል፣ ይራገጣል። ጥሩው አሰልጣኝ ፊቱ አይለወጥም። ጥያቄውን ያቀልለታል፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሚያውቀው ይጀምራል። ቆጣ ያለ ሰው ካየሽ፣ ጅራፉ ከስህተቱ በኋላ እንደ ቂም ሲያርፍ ካየሽ፣ ሌላ ማስረጃ አትፈልጊ። አንቺ እያየሽው እንዲህ ካደረገ ሳታዪው የሚያደርገውን አስቢው። ሥራው መቼ እንደሚያበቃም ሰዓት ያዢ። ለወጣት ፈረስ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ጥሩ ትኩረት ይበቃል። በላብ ተነክሮ አንገቱን እስኪደፋ ማሯሯጥ ማድከም እንጂ ማስተማር አይደለም።

ስትስማሙ ነገሩን በጽሑፍ አድርጊው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ግሪካዊው የጦር አዛዥና ጸሐፊ ዜኖፎን ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ ሲጽፍ፣ ፈረሱን ለገሪ የሚሰጥ ሰው ልጁን ለሙያ እንደሚሰጥ ሰው ሁሉ፣ ፈረሱ ሲመለስ ምን ማወቅ እንዳለበት አስቀድሞ በጽሑፍ ይዋዋል ብሏል። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። «ትሠለጥናለች» የሚል ቃል አይበቃም። «ልጓም ሲቀርብላት አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰው ሲፈናጠጥ ሂጂ እስክትባል ቆማ ትጠብቃለች» ብላችሁ ጻፉ። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠራት፣ የሚጋልባት ራሱ ይሁን ረዳቱ፣ ብትታመም ማን ሐኪም እንደሚጠራና ማን እንደሚከፍል፣ አንቺ መቼ መጥተሽ ማየት እንደምትችዪ፣ ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

ከምንም በላይ አንቺን የሚያስተምር ሰው ፈልጊ። በርሊን ውስጥ «ብልሁ ሃንስ» የሚባል ፈረስ ነበር። ሒሳብ ይሠራል ተብሎ ጉድ ተብሎለታል፤ መልሱን በሰኮናው መሬት እየመታ ይቆጥር ነበር። በ1907 እ.ኤ.አ. ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ እውነቱን አወጣው። ሃንስ ቁጥር አያውቅም። ጠያቂው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደረስ ሳይታወቀው ጭንቅላቱን በጥቂቱ ይነቀንቃል፤ ፈረሱ ያንን አይቶ ያቆማል። ሰው የማያየውን እንቅስቃሴ ፈረስ ያያል ማለት ነው። አሁን አንቺ ከወደቅሽ በኋላ እርካብ ልትረግጪ ስትይ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፤ ዛቡን ትጨብጪያለሽ፤ ትከሻሽ ይከብዳል። ባዝራሽ ይህን ሁሉ ታነብባለች። ስለዚህ አሰልጣኙ እሷን ብቻ ገርቶ ቢመልስልሽ ግማሽ ሥራ ነው። ከመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቢያንስ ጥቂት ቀን አንቺ እየሠራሽ እሱ ወይም እሷ ሊያዩሽ ይገባል። «ለሱ ጊዜ የለኝም» ካሉ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ሁለቱንም ስላላየኋቸው ይህኛውን ያዢ አልልሽም። ሁለት ሁለት ጊዜ ሂጂ፤ አንደኛውን ሳትናገሪ። የራስ ቁር አድርጊ፤ እነሱም ሲጋልቡ ማድረጋቸውን እዪ። ሐኪሙ ያለውንም ጻፊልኝ፤ ስለ ጥርሷ ነገር ልቤ አላረፈም።

ጥያቄ፦ ፈረሴን አሰልጣኝ ጋ ካስገባሁ አሥር ቀን ሆነኝ። ሰውየው «እስኪለምደኝ ለአንድ ወር አትምጣ፤ ካየህ ይረበሻል» አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልክ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ፈረሱ ቦታውን ይልመድ ቢልህ እረዳዋለሁ። ሥራ ላይ እያለ አትጥራው፣ የሚበላ ነገር አትስጠው ቢልህም ትክክል ነው። ለአንድ ወር ዓይንህ እንዳያየው መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው። ነገ ጠዋት ሂድ። አጥሩ ጋ ቁምና እይ። በር ላይ ከመለሰህ መጓጓዣ ይዘህ ተመለስና ፈረስህን ጭነህ ውሰድ። ቤት ሲደርስ የአፉን ጥግ፣ ጀርባውንና እግሮቹን ተመልከት። ከከሳ ወይም ከቆሰለ ለማስረጃ በስልክህ ፎቶ አንሳና ሐኪም አሳየው።

ጥያቄ፦ ውርንጭላዬ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አሰልጣኙ «ሳትጠና አሁኑኑ ኮርቻ እንጫንና እንጋልባት» ይላል። እኔ ልቤ አመነታ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልብህን ስማው። የፈረስ አጥንት ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠናው። ከሰኮናው አጠገብ ያሉት ቀድመው ይዘጋሉ፤ የጀርባዋ አጥንቶች ግን እድገታቸውን የሚጨርሱት አምስት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ኮርቻው የሚጫነው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። በሁለት ዓመት የሚያስጋልቡ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት ሰው አላስቀምጥባትም። ከዚያም በኋላ ቀላል ሰው፣ አጭር ጊዜ።

እስከዚያ ሥራ ትፈታለች ማለት አይደለም። በገመድ ስትመራ ሳትጎትት መሄድ፣ ታስሮ መቆም፣ ብሩሽ፣ መኪና ላይ መውጣትና መውረድ፣ የሐኪም እጅ አፏ ውስጥ ሲገባ መታገስ፣ ይህን ሁሉ አሁን ትማር። ከእግሯ ጀምር። እጅህን ከትከሻዋ ወደ ታች አንሸራትተህ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ስትደርስ ቆም በል። ክብደቷን ወደ ሌላው እግሯ ስታዞር እጅህን አንሳ። መጀመሪያ ቀን ሰኮናዋ ከመሬት ባይነሳም ግድ የለህም። ሁለት ሴንቲ ስታነሳ ራስህ አውርድላት፤ ነጥቃህ እስክትጥል አትጠብቅ። ዕለት ዕለት አምስት ደቂቃ ለአራቱም እግሮቿ ስጥ። ሰኮና የሚያስተካክለው ሰው ሲመጣ ለውጡን እሱ ራሱ ይነግርሃል።